የስቲቭ ማክኩዊን ሳል፦ የአንድ የሳንባ ሽፋን ካንሰር ታሪክ

በ1978 ስቲቭ ማክኩዊን ማሳል ጀመረ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሆሊውድ ተዋናይ ነው፤ በዘመኑ ስሙ ከገነነ ተዋንያን አንዱ። ዕድሜው 48። የመኪናና የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ነፍሱ ነው። ሲጋራም ያጨሳል። እንዲህ ያለ ሰው ሲያስል ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው ሲጋራው ላይ ነው። እሱም ሲጋራውን ተወ። አንቲባዮቲክም ወሰደ። ሳሉ ግን ወይ ፍንክች። እያደር ደግሞ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር።

ዲሴምበር 22 ቀን 1979 ናሙና ተወስዶ ተመረመረ። ውጤቱ ሜሶቴሊዮማ ሆነ፤ ሳንባን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ካንሰር። ከአሥር ወር ተኩል በኋላ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1980፣ ሲዩዳድ ሁዋሬዝ በተባለች የሜክሲኮ ከተማ ሞተ። ገና 50 ዓመቱ ነበር።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ወሬው ሁሉ የመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ነው። ዝነኛው ሰው አጭበርባሪ እጅ ወደቀ ይባላል። ሐሰት አይደለም። እኔ ግን ጉዳዩን ከሕክምናው በኩል ሳየው ክፉው ነገር የጀመረው ሜክሲኮ አይመስለኝም። የጀመረው ሐኪሞቹ ዕድሜህን ለማራዘም የምናደርገው ነገር የለም ያሉት ቀን ነው። በዚያን ጊዜ አባባሉ ከሞላ ጎደል እውነት ነበር፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ለምን እውነት እንደነበረ፣ ዛሬስ ምን ያህሉ እንደተለወጠ ለማየት ከበሽታው ጠባይ መነሳት ያስፈልጋል።

ሽፋኑ ላይ የሚያድግ ካንሰር

ሳንባ ብቻውን ደረት ውስጥ አልተንጠለጠለም። ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉት። አንዱ ሳንባው ላይ ተለጥፏል። ሌላው የደረትን ግድግዳ ከውስጥ አልብሶታል። በመሃላቸው ጥቂት ፈሳሽ አለ፤ ስንተነፍስ ሁለቱ ሳይፋተጉ እንዲንሸራተቱ ያደርጋል። ሜሶቴሊዮማ የሚነሳው ከእነዚህ ሽፋኖች ሴሎች ነው። ሰው በጥቅሉ "የሳንባ ካንሰር" ይለዋል እንጂ ሌላ በሽታ ነው።

አስተዳደጉም ለየት ይላል። አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ እብጠት ሆኖ አይቀመጥም። ሽፋኑን ይዞ ይስፋፋል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻ ሳንባውን ዙሪያውን አፍኖ ይይዘዋል። ሳንባው ራሱ ደህና ሆኖ ሳለ መዘርጋት ያቅተዋል። ለቀዶ ሐኪሙም ለጨረር ሐኪሙም የሚያስቸግረው ይኸው ነው። ቀዶ ሐኪሙ ዳርቻውን ይዞ ሙልጭ አድርጎ የሚያወጣው ነገር አያገኝም። የጨረር ሐኪሙ ደግሞ ሽፋኑን ሁሉ ልምታ ካለ ከሥሩ ያለውን ሳንባ አብሮ ይመታል።

ዋናው መንስኤ አስቤስቶስ ነው። እሳት የማይበላው፣ ሙቀት የማያሳልፍ፣ እንደ ቃጫ የሚፈተል ማዕድን። ለመርከብ ቧንቧ፣ ለቦይለር፣ ለጣሪያ፣ ለመኪና ፍሬን፣ ለእሳት መከላከያ ልብስ፣ ያልዋለበት ቦታ የለም። ሲሰበር ወይም ሲፋቅ በዓይን የማይታዩ ቃጫዎች አየር ላይ ይለቃል። ወደ ውስጥ ሲተነፈሱ የተወሰኑት ሽፋኑ ድረስ ይዘልቃሉ። የሰውነት ጠራጊ ሴሎች ሊውጧቸው ይሞክራሉ፤ ቃጫው ረጅም ስለሆነ አይችሉም። መቆጣቱ ለዓመታት ይቀጥላል። በመሃሉ የሴሎቹ ዘረመል ይበላሻል። ሰማያዊውና ቡናማው ዓይነት ከነጩ ይልቅ ለዚህ ካንሰር ክፉ ናቸው። ነጩም ግን ከደሙ ንጹሕ አይደለም።

ከመጋለጥ እስከ መታመም አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ያልፋል። ሰውየው የተጋለጠበትን ሥራ ራሱ ረስቶታል። ፋብሪካው ተዘግቷል፣ መርከቡ ተበትኗል፣ አለቃው ሞቷል።

መርከቡ፣ ስቱዲዮው ወይስ የእሽቅድምድም ልብሱ?

ማክኩዊን ከ1947 እስከ 1950 በአሜሪካ ማሪን ጦር ውስጥ አገልግሏል። ከታመመ በኋላ ስለ መንስኤው ተጠይቆ ሦስት ነገር ጠርጥሯል። አንዱ የፊልም ስቱዲዮዎቹ ግድግዳ ውስጥ ያለው አስቤስቶስ ነው። ሌላው እሳት እንዳይበላቸው እሽቅድድመኞች የሚለብሱት ልብስና ቆብ። ሦስተኛው ግን እሱ ራሱ ያመዘነበት ነው፤ ማሪን ሳለ ወታደር በምታጓጉዝ መርከብ ውስጥ ከቧንቧዎች ላይ የአስቤስቶስ መጠቅለያ እየላጠ ያነሳበት ሥራ።

እኔም ካየሁት ከዚሁ ጋር ነኝ። የዘመኑ መርከብ የሚሄደው በእንፋሎት ነው። የጋለ እንፋሎት የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች በአስቤስቶስ ልስንና ጨርቅ ይጠቀለላሉ። ሲያረጅ ተቀጥቅጦ ይነሳል። ሥራው ያለው መስኮት በሌለው፣ ጣሪያው በሚጫን ክፍል ውስጥ ነው። ደረቁ ልስን ሲፈረካከስ አቧራው ይነሳና የሚወጣበት ቀዳዳ ስለሌለ እዚያው ይንሳፈፋል። አፍንጫ ላይ ጨርቅ ማሰር እንኳ ብዙም አይረዳም፤ ቃጫው ለጨርቅ ቀዳዳ በጣም ቀጭን ነው። ጊዜውም ይገጥማል። ከማሪን ሥራው እስከ መጀመሪያው ሳል ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው፤ ለዚህ በሽታ የተለመደ ርቀት።

ይህ ግንኙነት ደግሞ በ1979 እንግዳ ነገር አልነበረም። በ1960 ዋግነር የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የሰሜን ምዕራብ ኬፕን ጉዳይ አሳትሟል። ሰማያዊ አስቤስቶስ በሚቆፈርበት አካባቢ 33 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማንን አግኝተው ነበር። ብርቅ ነው በሚባል በሽታ ይህ ያስደነግጣል። ከእነሱ ውስጥ ማዕድን ያልቆፈሩ፣ አካባቢው ላይ የኖሩ ብቻ የሆኑም ነበሩበት። በ1964 ደግሞ ሴሊኮፍ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የኒው ዮርክ የቧንቧ መጠቅለያ ሠራተኞችን አጥንቶ ተመሳሳይ ነገር አወጣ። የሚያስልን የቀድሞ ማሪን "ወጣት ሳለህ ምን ትሠራ ነበር?" ብሎ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው እውቀት መጽሔት ላይ ታትሞ ቁጭ ብሎ ነበር።

ሲጋራ እዚህ ላይ የሚያሳስት ጉዳይ ነው። ሲጋራ ሜሶቴሊዮማን አያመጣም። የሳንባ ካንሰርን ግን ያመጣል፤ አስቤስቶስ ከተጨመረበትማ አደጋው በእጅጉ ይበዛል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲጋራን መጠርጠሩ ልክ ነው። እዚያው ላይ ከቆመ ግን አጫሹን "የሲጋራ ሳል ነው" ብሎ ይሸኛል፣ የማያጨሰውን ደግሞ "አንተ ካንሰር አይይዝህም" ይለዋል። ሁለቱም መንገድ ይስታል።

ምርመራው ለምን ይጓተታል?

በሽታው ሲጀምር የራሱ የሆነ ምልክት የለውም። ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ላይ የሚከብድና የሚጠዘጥዝ ሕመም፣ ደረቅ ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ። ከእነዚህ ውስጥ ሌላ በሽታ ላይ የማይታይ አንድም የለም። ብዙውን ጊዜ ሰውን ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው ሳንባው ዙሪያ የተቋጠረው ውሃ ነው። ያውም በአንድ ወገን ብቻ።

በአንድ ወገን ውሃ ሲቋጠር ቲቢ ይጠረጠራል፣ የሳንባ ምች ይጠረጠራል፣ ከሌላ ቦታ የተዛመተ ካንሰር ይጠረጠራል። ሁሉም ተገቢ ጥርጣሬ ነው። በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ውሃው ይቀዳል፤ ለምርመራም ለእፎይታም። ሰውየው ትንፋሹ ይመለስለታል፣ ደስ ይለዋል። ላቦራቶሪው ውሃው ውስጥ የካንሰር ሴል ይፈልጋል።

ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሜሶቴሊዮማ ያለበት ሰው ውሃ ተመርምሮ ካንሰሩ በግልጽ የሚታየው በጥቂቶቹ ነው፤ በብዙ ጥናት ሲሶ ያህሉ። አንዳንዱ ዓይነት ሴሉን ወደ ውሃው እምብዛም አይለቅም። ቢለቅም ተቆጥቶ የተለወጠ ጤነኛ የሽፋን ሴልና የካንሰሩ ሴል በማይክሮስኮፕ መንታ ይመስላሉ። ስለዚህ "ካንሰር አልተገኘም" የሚለው ወረቀት "ካንሰር የለም" ማለት አይደለም። ውሃው ተቀድቶ ምክንያቱ ሳይታወቅ እንደገና ከሞላ፣ ሦስተኛ ጊዜ ቀድቶ መላክ ጊዜ ማባከን ነው። ሥጋው መታየት አለበት።

ከዚያ በፊት ሲቲ ስካን ይነሳል። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ሽፋኑን ነው የሚያየው። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ወፍሯል ወይ? ጉብታ ጉብታ ሆኗል ወይ? ሳንባውን ዙሪያውን ከቦታል? ወደ ልብ በኩል ባለው ወገን ደርሷል? እነዚህ ሲገኙ ጥርጣሬው ይከብዳል። በሌላ በኩል ሽፋኑ ላይ ጠፍጣፋ የጠጠሩ ጠባሳዎች ብቻ ቢታዩ ሰውየው አስቤስቶስ እንዳገኘው ይጠቁማሉ እንጂ ካንሰር አይደሉም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጡም። ይህን ልዩነት ሳያስረዱት ራጁን ይዞ የሄደ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም።

ወሳኙ ምርመራ ቶራኮስኮፒ ነው። ሰውየው የታመመው ወገን ወደ ላይ ሆኖ በጎኑ ይተኛል። በሁለት የጎድን አጥንቶች መሃል ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ካሜራ ያለው ዘንግ ይገባል። አንዳንድ ቦታ በሙሉ ማደንዘዣ፣ አንዳንድ ቦታ ቦታውን ብቻ አደንዝዞና እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ሰጥቶ ይሠራል። ውሃው ተመጥጦ ሲያልቅ ሽፋኑ ስክሪን ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጤነኛው ሽፋን ስስና አንጸባራቂ ነው። የታመመው ላይ ነጫጭ እባጮች ተበትነውበታል፣ ወይም ደግሞ ጠቅላላው ወፍሮ ገርጥቷል። ሐኪሙ በዓይኑ እያየ ከተለያየ ቦታ ይቆርጣል። ጥሩ ባለሙያ ከላይ ከላይ አይለቅምም። ከሽፋኑ በታች ያለው ስብ እስኪገኝ ድረስ ጠለቅ አድርጎ ይወስዳል። ለምን ቢሉ፣ ካንሰሩ ስቡን ዘልቆ መግባቱ ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) ከሚመካባቸው ማስረጃዎች ዋነኛው ነው፤ ተራ ቁጣ ስቡን አይወርም። በዚህ መንገድ ከ100 ሕሙማን ከ90 በላይ የሚሆኑት ቁርጡን ያውቃሉ።

ፓቶሎጂስቱ ጋ ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛው፣ ይህ በእርግጥ ከሽፋኑ የተነሳ ነው ወይስ ከሳንባ ወይም ከጡት ተዛምቶ የመጣ? በቀለም ምርመራ ይለያል። ካልሬቲኒን እና ደብሊው-ቲ-1 የሚባሉት ፕሮቲኖች ቀለሙን ሲይዙ፣ ቲ-ቲ-ኤፍ-1 እና ሲ-ኢ-ኤ ግን ሳይይዙት ሲቀሩ ሚዛኑ ወደ ሜሶቴሊዮማ ያደላል። በአንድ ቀለም ብቻ አይፈረድም፤ ቢያንስ ሁለት ደጋፊ፣ ሁለት ተቃራኒ ይፈለጋል። ሁለተኛው ጥያቄ ካንሰር ነው ወይስ ቁጣ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቢ-ኤ-ፒ-1 የተባለ ፕሮቲን ከሴሎቹ ውስጥ መጥፋቱ ከባድ ምስክር ነው። ይህን ጂን ከወላጅ ተበላሽቶ የወረሱ ቤተሰቦችም አሉ፤ በእነሱ ሜሶቴሊዮማ ይበዛል።

በማክኩዊን ዘመን ከእነዚህ ቀለማት አብዛኞቹ ገና አልነበሩም። ሲቲ ስካንም ራሱ አዲስ መሣሪያ ነበር። ያም ሆኖ ናሙናው ተወስዶ ስሙ በትክክል ተጠርቷል። ለ1979 ቀላል ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ዓይነቱ ይጻፋል። ኤፒቴሊዮይድ የሚባለው በብዛት የሚገኘውና ከሦስቱ የተሻለው ነው። ሳርኮማቶይድ የሚባለው ፈጣንና ክፉ ነው። ሁለቱን የቀላቀለም አለ። የፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ "ሜሶቴሊዮማ" ብቻ ተብሎ ዓይነቱ ካልተጻፈ ይጠየቅ። የሕክምናው ምርጫም የሚጠበቀው ጊዜም እሱ ላይ ይንጠለጠላል።

"ምንም ማድረግ አንችልም"

በፌብሩዋሪ 1980 በሽታው በሰፊው እንደተዛመተ ታወቀ። ማክኩዊን ምስጢር ሊያደርገው ሞክሯል። በማርች አንድ የወሬ ጋዜጣ አወጣበት። ሐኪሞቹ ዕድሜውን የሚያራዝም ነገር በእጃቸው እንደሌለ ነገሩት።

ያኔ በእርግጥም አልነበረም። በሜሶቴሊዮማ ላይ ዕድሜ እንደሚያራዝም በትልቅ ጥናት የተረጋገጠ የመጀመሪያው የኬሞ (የካንሰር ሴልን የሚገድል መድኃኒት) ቅንብር የወጣው በ2003 ነው። ማክኩዊን ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ። ሐኪሞቹ አልዋሹም። ግን "ካንሰሩን ማቆም አንችልም" እና "ለአንተ የምናደርገው የለም" የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕመምን ማስታገስ፣ ውሃን መቅዳት፣ ትንፋሽን ማቅለል፣ ከሰውየው ጋር መቆየት ያኔም ይቻል ነበር። የማስታገሻ ሕክምና ግን አሜሪካ ውስጥ ገና ዳዴ እያለ ነበር። በሩ ሲዘጋበት ሰውየው ሌላ በር ፈለገ። የሚሰምጥ አረፋ ይጨብጣል።

በጁላይ 1980 ወደ ሮዛሪቶ ቢች፣ ሜክሲኮ ሄደ። ሕክምናውን የመራው ዊሊያም ዶናልድ ኬሊ ነው። ሰውየው በሙያው ጥርስ አስተካካይ ነበር። እሱም ፈቃዱ በ1976 ተነጥቋል። ሕክምና የተባለው የቡና ውሃ በፊንጢጣ መስጠት፣ ማሸት፣ ሰውነትን ቶሎ ቶሎ በሻምፑ ማጠብ፣ ከከብትና ከበግ የተወሰደ ሕያው ሴል በመርፌ መውጋት ነው። ላቴሪል የሚባለውም አለበት፤ ከአፕሪኮት ፍሬ ውስጥ ከሚገኝ ነገር የሚሠራ፣ ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ ሳያናይድ የሚለቅ ቅመም።

ላቴሪል ቀልድ አልነበረም። ደጋፊው ብዙ፣ ፖለቲካው የጋለ ነበር። ጫናው ስለበዛ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም አስፈትኖታል። በ1982 ውጤቱ ወጣ። 178 ሕሙማን ወስደውት ማንንም አላዳነም፣ ምልክት አላቀለለም፣ ዕድሜ አልጨመረም። ይልቁንስ አንዳንዶቹ ደም ውስጥ የሳያናይድ መጠን ወደ መርዝነት ተጠግቶ ተገኘ።

ማክኩዊን በኦክቶበር መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ኬሊ በሽተኛው ሙሉ በሙሉ ይድናል ብሎ በአደባባይ አወጀ። በዚያው ሰሞን ሆዱ ውስጥ ትላልቅ እብጠቶች ነበሩ። ማክኩዊን ሊያስወጣቸው ወሰነ። የአሜሪካ ሐኪሞቹ አይቆረጥም፣ ልብህም አይችለውም ብለው አስጠነቀቁት። እሱ ግን ወደ ሁዋሬዝ በረረ። "ሳሙኤል ሼፐርድ" በሚል ስም ተመዝግቦ አልጋ ያዘ። ከሆዱና ከአንገቱ እብጠቶች ተቆረጡለት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሰዓታት ውስጥ፣ ሌሊት ላይ፣ ልቡ ቆመ።

በዚህ ታሪክ ማክኩዊንን ሞኝ ማድረግ ይቀላል። እኔ አይዋጥልኝም። ሰውየው ገንዘብ ነበረው፣ ጉልበት ነበረው፣ ለአደጋ አዲስ አይደለም፤ የቀረበለት ምርጫ ደግሞ ወይ ምንም፣ ወይ ይህ ነው። ኬሊ የሸጠው መድኃኒት ብቻ አይደለም። ሥራ ሸጦለታል። በየቀኑ የሚደረግ ነገር፣ የሚከታተል ሰው፣ ነገ የሚባል ቀን። ይህን ሐኪም ቤት መስጠት ካልቻለ ሌላ ሰው ይሰጣል፣ ያውም በጥሬ ገንዘብ።

ይኸው በሽተኛ ዛሬ ቢመጣስ?

ሃምሳ ዓመት፣ ሰውነቱ ጠንካራ፣ በሽታው ግን የተዛመተ። ቀዶ ሕክምና አይታሰብም። በነገራችን ላይ በሽታው ደረት ውስጥ ብቻ ለቀረላቸውም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ክብሩ ቀንሷል። በብሪታንያ ማርስ 2 የተባለው ጥናት ኬሞ ብቻ የወሰዱትን፣ ኬሞ ላይ ሽፋኑን የመግፈፍ ሰፊ ቀዶ ሕክምና ከተጨመረላቸው ጋር አወዳድሮ ነበር። በ2024 የታተመው ውጤት ብዙ ቀዶ ሐኪሞችን አስኮርፏል። ኬሞ ብቻ የወሰዱት የኖሩበት መካከለኛ ዕድሜ (ግማሹ ሰው ከዚያ በላይ የኖረበት ጊዜ) 24.8 ወር፣ የተቆረጡት 19.3 ወር። መቁረጥ ጭራሽ ጎዳ። አሁንም የሚከራከሩ አሉ። እኔ ግን ትልቅ ቀዶ ሕክምና የቀረበለት ሰው ይህን ቁጥር ሳይነገረው መፈረም የለበትም ባይ ነኝ።

ስለዚህ ነገሩ መድኃኒት ላይ ይወድቃል። የ2003ቱ ቅንብር ሲስፕላቲን እና ፔሜትሬክሴድ ነው። ሲስፕላቲን ብቻውን 9.3 ወር፣ ሁለቱ አንድ ላይ 12.1 ወር ሰጡ። ፔሜትሬክሴድ የሚወስድ ሰው ፎሊክ አሲድና ቪታሚን ቢ-12 አብሮ ይሰጠዋል። ይህ ተጨማሪ ጌጥ አይደለም፤ ሳይሰጥ ሲቀር መድኃኒቱ የደም ሴልንና አፍን ክፉኛ ይጎዳል።

በ2020 ኢሚዩኖቴራፒ ገባ። ኒቮሉማብ እና ኢፒሊሙማብ የሰውነትን የመከላከል ኃይል ፍሬን ይፈታሉ። 605 ሰው በተሳተፈበት ጥናት ከኬሞ ጋር ተወዳደሩ፤ 18.1 ወር ለ14.1። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው ክፉ በሚባሉት ዓይነቶች ላይ ነው። እዚያ 18.1 ለ8.8 ሆነ፤ ከእጥፍ በላይ። ወረቀቱ ላይ ዓይነቱ ይጻፍ ያልኩት ለዚህ ነው። በ2024 ደግሞ ፔምብሮሊዙማብን ከኬሞ ጋር ማጣመር አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ ፀጉር አያረግፉም፤ ግን ፍሬኑ የተፈታው መከላከያ የራስን አንጀት፣ ጉበት፣ ሳንባ ወይም የታይሮይድ እጢ ሊያጠቃ ይችላል። ተቅማጥ ሲጀምር "ምግብ አልተስማማኝም" ብሎ ዝም ማለት አያዋጣም። ያኑ ቀን ለሐኪም መደወል ነው።

መካከለኛ ዕድሜ ሲባል ብዙ ሰው እንደ ፍርድ ቀን ይሰማዋል። ግማሹ ከዚያ በፊት፣ ግማሹ ከዚያ በኋላ ይሞታል ማለት ብቻ ነው። የኋለኛው ግማሽ ምን ያህል እንደሚሄድ ቁጥሩ አይናገርም። የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ስቲቨን ጄይ ጉልድ በ1982 የሆድ ሽፋን ሜሶቴሊዮማ (ይኸው ካንሰር ሆድን በሚያለብሰው ሽፋን ላይ ሲነሳ) ተገኘበት። መካከለኛው ስምንት ወር ነው የሚል አነበበ። ቁጥር ያውቅ ስለነበር ቁጭ ብሎ የኋለኛው ግማሽ ጅራት ምን ያህል እንደሚረዝም አሰላ። ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ኖሮ በ2002 በሌላ ካንሰር ሞተ። ሁሉም ሰው ጉልድ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ዕድሜው ወጣት ነበር፣ ሕክምናም አግኝቷል። በ2020ው ጥናት ኢሚዩኖቴራፒ ከወሰዱት ውስጥ ከሦስት ዓመት በኋላ 23 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ከኬሞዎቹ 15 በመቶ። ለዚህ በሽታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን የሚሄደው ሥራ ግን ለበሽተኛው የዕለት ኑሮ ከሁሉም ይበልጣል። ውሃው እየተመላለሰ ከሞላ ሁለት መንገድ አለ። ሳንባው መዘርጋት የሚችል ከሆነ ሁለቱን ሽፋኖች በታልክ ዱቄት ማጣበቅ ይቻላል፤ ውሃ የሚቋጠርበት ክፍተት ይጠፋል። ሳንባው ታፍኖ የማይዘረጋ ከሆነ ታልኩ አይሠራም። ያኔ ከቆዳ ሥር የሚሄድ ለስላሳ ቱቦ ተተክሎ ሰውየው ወይም ቤተሰቡ ቤት ሆነው ውሃውን ይቀዳሉ። ጠርሙሱን ገጥሞ ለመክፈት አንድ ቀን ስልጠና ይበቃል። የሆስፒታል ምልልሱ ይቀንሳል።

ለሕመሙ አንድ ቦታ ላይ የተወሰነ ጨረር፣ ሞርፊን፣ የነርቭ ሕመም መድኃኒት አለ። ትንሽ ሞርፊን ትንፋሽ ማጠሩንም ያረግባል። "ሞርፊን ከተጀመረ አለቀ ማለት ነው" የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰውን ያለ ምክንያት አሰቃይቷል። ፊት ላይ የሚነፍስ ትንሽ የእጅ ማራገቢያም ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው እፎይታ ይሰጣል። በጥናት የታየ ነው፤ ለዋጋውም የሚመጥነው መድኃኒት የለም። የማስታገሻ ባለሙያው የሚጠራው መድኃኒት ሲያልቅ አይደለም። ትንፋሽ ወይም ሕመም ሰውን ማስቸገር ከጀመረበት ቀን ነው።

ቀድሞ ለተጋለጠ ሰው

አስቤስቶስ እንዳገኘው የሚያውቅና ምንም ያላመመው ሰው ብዙ ጊዜ "በየዓመቱ ሲቲ ልነሳ?" ይላል። ሜሶቴሊዮማን ቀድሞ በማግኘት ዕድሜ እንዳራዘመ የተረጋገጠ የቅድመ ምርመራ ዘዴ እስካሁን የለም። የሚጠቅመው ሌላ ነው። የት፣ በየትኛው ዓመት፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደሠራ በሕክምና ካርዱ ላይ ማስጻፍ። የአባቱን የሥራ ልብስ አቧራ ስታራግፍ የኖረች ልጅም ይህን ታስጽፍ፤ በዚህ መንገድ የታመሙ ብዙ ናቸው። የሚያጨስ ከሆነ ማቆም፤ ለሜሶቴሊዮማው ሳይሆን ለሳንባ ካንሰሩ። ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ አዲስ የትንፋሽ ማጠር ወይም በአንድ ወገን ደረት ላይ የማይለቅ ሕመም ሲመጣ ለሐኪሙ ከሳሉ ጋር አስቤስቶሱንም አብሮ መንገር።

አሜሪካ ነጩን አስቤስቶስ የከለከለችው በማርች 2024 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ ከልክሏል። እገዳው የሚመለከተው አዲሱን ምርት ነው። ድሮ የተገነባው ሕንፃ ጣሪያና ቧንቧ ላይ ያለው ግን እዚያው አለ። ሳይነካ፣ ሳይሰነጠቅ ከተቀመጠ ብዙም አይጎዳም። አደጋው ሲፈርስ ነው። ስለዚህ አሮጌ ቤት ሲታደስ መዶሻ ከማንሳት በፊት ናሙና ማስመርመር፣ ከተገኘም በውሃ እያረጠቡ ተገቢውን ጭንብል ለብሰው የሚያነሱ ባለሙያዎችን መጥራት ያስፈልጋል።